የደንበኛዋ የጡት ልጅ

መምህርት ጥሩወርቅ የታክስ ጥናትና የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለውን ትምህርት የጀመረችልን ኩራታችንን በማብረድ ነው። አንድ ነጋዴ ስለ ግብሩ ቢያማክራችሁ መልሱን ከየት ታመጣላችሁ ብላ ጠየቀችን። ጀይላን ግብር ቢሮ ከሚሠራው አጎቴ አለ። ልደት ከኢንተርኔት አለች። እኔ ኤደን ዓለሙ፣ የክፍሉ አንደኛ፣ አገጬን ትንሽ ቀና አድርጌ ከተማርነው አልኩ። መምህርቷ ለሦስታችንም እኩል አዘነችልን። ሕጉን ገልጦ ያላነበበ ሰው ግምት እንጂ መልስ የለውም አለችና አንድ ክምር ነጋሪት ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችልን።

ፊት ለፊት እርስዎ እንላታለን። ከኋላዋ ግን በዕድሜ ታላቅ እህታችንን ብታክል ነው ብለን አንቱታውን እንተወዋለን። የመጣችው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ አሁንም መንገድ ይጠፋታል፤ ወደ ቡዳ በር እሄዳለሁ ብላ ሸዋ በር ላይ ስትወጣ ያላያት ተማሪ የለም። እንዲያም ሆኖ እንወዳታለን። የሕግ አንቀጽ ስታነብ ድምፅዋ ይለሰልሳል፣ «ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ሲባል» የምትለዋን ሐረግ ልክ ለሕፃን እሹሩሩ እንደምትል አድርጋ ነው የምታነባት።

በሁለተኛው ትምህርት የደንበኛ ምስጢር ምን ማለት እንደሆነ አስረዳችን። የደንበኛ ስም በአፋችን እንዳይነሳ፤ ለእናት፣ ለጓደኛ፣ ለማንም። ከዚያ ልትፈትነን ብላ እውነተኛ ጉዳይ አመጣችልን። ደንበኛዋ ፈቅዳላታለች፤ ከሁላችን የተሻለው ጽሑፍ ተመርጦ በእርግጥ ይሰጣታል፤ እሷም ግብሯን በዚያው መሠረት ታስታውቃለች። ስለዚህ ቀልድ የለም ብላን ጉዳዩን አነበበች። ደንበኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የምትኖረው ግንቡ ውስጥ፣ ከአያቶቿ በወረሰችው የሐረሪ ቤት ነው። ክፍሎቿን ለሚያድሩ እንግዶች ታከራያለች፤ ጠዋት ፈጢራ ከማር ጋር ታቀርብላቸዋለች፤ ለሚፈልግ ደግሞ የሰበዝ ስፌት ታስተምራለች። ገቢዋን እንዴት አድርጋ ማስታወቅ አለባት? ማንነቷን ለመደበቅ ሌላውን ዝርዝር ሁሉ አውጥቼዋለሁ አለች፣ በራሷ ደስ እያላት።

ይህ መደበቅ አይደለም፤ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ጀጎል ውስጥ እንደዚያ ያለች ሴት ሶፍያ ብቻ ናት። ጀይላን ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ ነው። የልደት እናት ከሷ ጋር ዕቁብ ይጥላሉ። ከዚህም የባሰ ነገር ነበር፤ መምህርት ጥሩወርቅ ራሷ የሶፍያን ሰገነት በወር ተከራይታ እንደምትኖር ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ግን አናውቅም ብላ ነው የምታስበው፤ ምክንያቱም ማንም አልነገራትም። አሁን ማን ይናገር? የመጀመሪያው ሕግ የደንበኛ ስም አይነሳ ነው። እንደታዘዝነው አፋችንን ዘጋን። መምህርቷ ዝምታችንን አይታ ትምህርቱ ገባቸው ብላ ፈገግ አለች።

ደንበኛዋን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቢኒያም። አባቱ ወታደር ናቸው፤ ወደ ሐረር ተዛውረው ስለመጡ እሱም ትምህርቱን ወደኛ ያዛወረው በቅርብ ነው። ከጀጎል የሚያውቀው ባጃጅ የሚያወርደውን ፈረስ መጋላን ብቻ ነው። አጎንብሶ «ደንበኛ፣ ሴት» ብሎ ይጽፋል። እኛ ሁላችን የዚያን ሁሉ ሰሞን ምስጢር የጠበቅነው ከእሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ለእኔ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። አዲሱ ከተማ ውስጥ አቶ ሽመልስ የሚባሉ የተመሰከረላቸው የሒሳብ አዋቂ ቢሮ አላቸው። በየዓመቱ የኛን ክፍል ጽሑፎች መጥተው ያዳምጡና አንድ ተማሪ ወደ ቢሯቸው ይወስዳሉ። ያንን ቦታ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ድረስ ነው የፈለግኩት። ካላገኘሁት ድሬዳዋ ያለው አጎቴ ኤልሳዕ ከጎማ መሸጫው አንድ ወንበር አዘጋጅቶልኛል፤ አባቴም ነገሩን ጨርሶ ተስማምቷል። ከጎማ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የጎማ ቁጥር እየጠራሁ መኖርን ሳስበው ደረቴ ላይ አንድ ጎማ የተቀመጠብኝ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ሶፍያ የጡት እናቴ ናት። እኔን እንደወለደችኝ እናቴ በለጡ በጠና ታማ ሆስፒታል ገባች። ሶፍያ ያኔ ልጇን ነስሮን ታጠባ ነበር። እኔንም ተቀብላ አንዱን ጡት ለሱ አንዱን ለኔ አደረገችው። ስለዚህ ነስሮ ወንድሜ ነው፤ ለፋሲካ እሱ እኛ ቤት፣ ለዒድ እኔ እነሱ ቤት ነበርን። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ግን ስለዚህ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለምን እንደሆነ እኔም እንጃ፤ ነገሩ የቤት ነገር ሆኖ ቀረ።

ምስጢር ጠብቂ ስባል ደግሞ ጭራሽ ቤቷ መሄድ አቆምኩ። ሰው ቢያየኝስ? የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በሆነው በመኪና ግርግር ስትመጣ ካየኋት ከሰፊዎቹ አንዱ ጋ ዘው ብዬ ገብቼ የማላሰፋውን ቀሚስ ዋጋ እጠይቃለሁ።

ጥናቱ እንደተጀመረ የሆንኩትን ስናገር አላፍርም። ሰውን ፍቅር ይይዘዋል፤ እኔን አንቀጽ ያዘኝ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት እየበረርኩ ቤት ገብቼ እናቴን አቅፌ ሳምኳት። ምን ተገኘ ብትለኝ የሚጸናው አማርኛው ነው አልኳት። እሷም ትኩሳት እንዳለኝ ለማወቅ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

አዋጁን አነበብኩ፣ ማሻሻያውን አነበብኩ፣ ደንቡን አነበብኩ። ጽሑፌ አምሮ፣ አብቦ፣ በግርጌ ማስታወሻ ተጊጦ አለቀ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ መምህርቷ ዘወትር የምትለው ነገር ትዝ አለኝ፤ ሕግ ስታገኙ ከሁሉ በፊት ማን እንዳወጣውና ማን ላይ እንደሚሠራ ጠይቁ ትለናለች። ደንበኛዋ የግል ሰው ናት። ግብሯን የምትከፍለው ለክልሉ ነው። ክልሉ ደግሞ የራሱ አዋጅ፣ የራሱ ጋዜጣ አለው። እኔ ይህን ሁሉ ሰሞን ስሰግድ የኖርኩት ለፌዴራሉ ነው። ባጃጁን አስቁሜ ወርጄ ሮጥኩ። ሹፌሩ አብዱልፈታ ሰፈሬ ገና ነው እያለ ከኋላዬ ይጣራል። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የክልሉን አዋጅ አስወጣሁና ገጹን ሳገኘው ሳቄ አመለጠኝ። ለማቆም በሞከርኩ ቁጥር ባሰብኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዓሊዪ ብዙ ተማሪ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ በግብር ሕግ የሚስቅ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ ብሎ አስወጣኝ።

መልሱ ቀላል ሆኖ ወጣ። የሚያድርና ቁርስ የሚበላ እንግዳ ማስተናገድ የንግድ ሥራ ነው ብዬ ደመደምኩ። በወር የተከራየው ክፍል ግን የቤት ኪራይ ነው፤ ለብቻው፣ በራሱ ሠንጠረዥ መታወቅ አለበት። ሁለቱን የደባለቀ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። ጻፍኩት፣ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩትና ራሴን በመስታወት አየሁት። በሐሳቤ የአቶ ሽመልስ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

መምህርቷ እያንዳንዳችን የሌላውን ጽሑፍ እንድንመረምር ስትደለድለን የኔ ጽሑፍ ለቢኒያም ደረሰው። ከሰው ሁሉ ለቢኒያም። ይህ ልጅ አይጮህም፣ አይከራከርም፤ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት ያደርግና ወረቀቱን በትሕትና ይመልስልሃል። ትሕትናው ነው የሚያናድደው። የኔንም መለሰልኝ። ሁሉ ቦታ ንጹሕ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ምልክቱ አለ።

«የወር ተከራዩን ከየት አመጣሽው?» አለኝ። «መምህርቷ የሰጠችን ጉዳይ ላይ የለም።»

እውነቱን ነው፣ የለም። መምህርቷ ደንበኛዋ እንዳትታወቅ ብላ ካወጣችው ዝርዝር ውስጥ ራሷን ጨምራ አውጥታለች። እኔ የማውቀው ያደግኩበት ቤት ስለሆነ ነው። ብሰርዘው መልሱ ስህተት ይሆናል፣ ስህተቱም ሶፍያ እጅ ይገባል። ብተወው ከየት አመጣሽው እባላለሁ። በደንቡ መሠረት ልሂድ ብዬ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁና ደንበኛዋ በወር ያከራየችው ክፍል ይኖራት ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። መምህርት ጥሩወርቅ እስከ ጆሮዋ ቀላች። የተጨመረ ነገር ደንበኛዋን ሊያጋልጣት ስለሚችል በተሰጣችሁ ላይ ብቻ ሥሩ ብላ ጠመኔ ፍለጋ ጎንበስ አለች። ጀይላን የሸሚዙን ኮሌታ ነክሶ ሳቁን ዋጠው።

ሦስተኛው ትምህርት የመጣው እንግዲህ እኔ እዚህ ጭንቅ ውስጥ ሳለሁ ነው። ርእሱ የጥቅም ግጭት። ከደንበኛው ጋር የሚያስተሳስረው ነገር ያለ ባለሙያ በግልጽ ይናገራል፣ ከጉዳዩም ይወጣል አለችን። ትስስር ማለት የሥጋ ዝምድና ብቻ አይደለም፤ ሚዛናችሁን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ነገር ሁሉ ነው። በማቅረቢያው ዕለት በአቶ ሽመልስ ፊት እያንዳንዳችሁን እጠይቃለሁ፤ ያለበት ሰው ጽሑፉን አያቀርብም። ይህን ስትል እኔ የጡት ወተት ሚዛን ያዘነብላል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱን ለማግኘት ጋዜጣ መግለጥ አላስፈለገኝም።

ከማቅረቢያው በፊት በነበረው ቀን ሶፍያ ፈረስ መጋላ ላይ ያዘችኝ። የምገባበት ልብስ ሰፊ በአቅራቢያው አልነበረም። ሙዝና ሎሚ የያዘ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ፈተና በዝቶብኝ ነው ምናምን ብዬ ጀመርኩ። ሰው ሲዋሽ ታውቃለች፤ ዝም ብላ አስጨረሰችኝ።

«ወላሂ፣ ትልቅ ሰው ስትሆኚ ጡቴን ትረሺዋለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለችኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ልንገራት አልኩ፤ ሕጉ አይፈቅድም። እሷ ግን ያሳዘነኝን ነገር ገና አልጨረሰችም። ተከራይዋ ተማሪዎቼ ያንቺን ነገር ያጠኑታል ብላ አስፈቅዳታለች። መጀመሪያ ፈርታ ነበር፤ በኋላ ግን የኔ ልጅ እዚያ አለች፣ ደህና አድርጋ ታየዋለች ብላ እንቅልፏን ተኝታለች። ይህን ብላ ሎሚ ሰጠችኝና ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። እኔም ሎሚዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከደንበኛ ስጦታ መቀበል ይከለከላል የሚለውም ትምህርት በዚያው ትዝ አለኝ፤ ሎሚውን ለአብዱልፈታ ሰጠሁት።

በማግስቱ አቶ ሽመልስ ከረቫታቸውን አጥብቀው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን በየደቂቃው የሚወለውሉ ሰው ናቸው። መምህርት ጥሩወርቅ በድል ስሜት ተነስታ ሥነ ሥርዓቱን አስረዳቻቸው። ከማቅረባችን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከደንበኛዋ ጋር የሚያስተሳስረው ነገር እንደሌለ ይናገራል። ከክፍሉ አንደኛ፣ ከኤደን እንጀምር አለች።

ተነሳሁ። የለኝም ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። የአጎቴ ጎማዎች በዓይኔ ላይ ተደረደሩ። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ እኔም አላውቅም ነበር።

«አለኝ» አልኩ። «ደንበኛዋ የጡት እናቴ ናት። ያሳደገችኝ ናት። ጽሑፌን አላቀርብም። ግን ከተሰጠን ጉዳይ አንድ ነገር ጎድሏል፤ የሚቀጥለው ሰው ሳይጠይቅ እንዳይመልስላት።»

መምህርቷ ግራ ገባት። ደንበኛዋ ማን እንደሆነች በምን አወቅሽ አለችኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ልደት ተነስታ የኔ እናት ከሷ ጋር ዕቁብተኛ ናት፣ እኔም መውጣት አለብኝ አለች። ጀይላን ተነሳ፤ ጣራችን ተያይዟል፣ ለእህቴ ሠርግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት አለ። ከኋላ አንዱ ቁርአን አብረን ተምረናል ከልጇ ጋር አለ፤ ሌላዋ የሷን ፈጢራ ሳልበላ ፈተና ገብቼ አላውቅም አለች። ክፍሉ በሙሉ ቆመ። ማቆም አቃተን፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ቶሎ እንዲጨርስ ይቸኩላል፣ ሳቁም ከየአቅጣጫው ይፈላል። መምህርቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ማን ነገራችሁ ትላለች።

«እርስዎ ነዎት የነገሩን» አለ ጀይላን በትሕትና። «ባሏ የሞተባት፣ ስፌት የምታስተምር፣ ፈጢራ በማር የምታቀርብ። የቀረው ስሟ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ እንዳናነሳ ከለከሉን።»

መምህርት ጥሩወርቅ ወደ አቶ ሽመልስ ዞራ፣ ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ፣ ከኔ በበለጠ ድፍረት ተናገረች። የጎደለው ነገር እኔ ነኝ አለች። የደንበኛዋ የወር ተከራይ ነኝ፤ እንዳትታወቅ ብዬ ራሴን ሰረዝኩ፣ ስሰርዝ ደግሞ መልሱ እንደሚለወጥ አላስተዋልኩም፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ መዳኘት አልችልም። እኛም በአንድ ድምፅ እናውቃለን ቲቸር አልናት። ያኔ ነው ፊቷን ሸፍና መሳቅ የጀመረችው። አቶ ሽመልስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር፤ እንባው የሳቅ ይሁን የተስፋ መቁረጥ መለየት አልቻልኩም።

ሳቁ በረድ ሲል አንድ ያልቆመ ሰው እንዳለ አየን። ቢኒያም። አቶ ሽመልስ በተስፋ አዩት። አንተስ ልጄ፣ ከደንበኛዋ ጋር ምንም የለህም አሉት። የለኝም፣ ማን እንደሆነችም አሁን ነው ያወቅኩት አለ። እንግዲያው አንተ ታቀርባለህ፣ የሷንም ጽሑፍ የመረመርከው አንተ ነህ፣ እውነቱን ትነግረናለህ አሉት። ቀስ ብሎ ተነሳ። እርሳሱን በሁለት እጁ ይዞ ይጠመዝዘዋል።

«የኤደንን ጽሑፍ ከእንግዲህ መመርመር አልችልም» አለ።

«ለምን?»

«ስህተት እንዳላገኝባት እየጸለይኩ ነው የማነበው።»

እኔ ወንበሩ ላይ ዱብ አልኩ። ልደት ጎኔን በክርኗ እየወጋች ነው፣ ጀይላን ጠረጴዛ ይደበድባል፣ መምህርቷ ሥነ ሥርዓት ትላለች ግን እሷም አልያዘችውም። ያቺ በእርሳስ የተደረገች አንድ የጥያቄ ምልክት ትዝ አለችኝ። እየጸለየም ቢሆን አድርጓታል። ልቤ ጮቤ ስትረግጥ ከውጭ የሚሰማ መስሎኝ ደብተሬን ደረቴ ላይ ያዝኩት።

አቶ ሽመልስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም፣ ጉዳዩን ሊይዝ የሚችል አንድ ሰው የለውም አሉ። ስለዚህ ከራሳቸው ፋይል ሌላ ጉዳይ ሊሰጡን ወሰኑ፤ ባሮ ወንዝ ላይ ሰው በጀልባ የሚያሻግር የጋምቤላ ሰው ነው። ከመካከላችን ከጀልበኛው ጋር ዝምድና ቀርቶ ጀልባ በአካል ያየም አልነበረም። የጋምቤላን ሕግ ፍለጋ ዓሊዪን አስጨነቅነው። የኔን ጽሑፍ በዚህኛው ዙር ልደት መረመረችው፤ ያለ ጸሎት፣ ያለ ርኅራኄ። አንደኛ ወጣሁ። ቢኒያም ሁለተኛ ሆነ፤ ፈረስ መጋላ ስፕሪስ ስንጠጣ ነጥቡ አንሶብኛል እያለ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል።

ቢሮው የገባሁ ሳምንት ያልገለጥኩት ፋይል፣ ያልነካሁት ማህተም አልነበረም። ደረጃው ሁሉ የኔ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት አቶ ሽመልስ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተንኳኳና ሶፍያ ገባች። ምርጥ ሻሿን አድርጋለች። መምህርት ጥሩወርቅ የኛ ጽሑፍ እንደተሰረዘ ነግራት፣ የተመሰከረለት ሰው ያይልሽ ብላ ልካታለች። ሶፍያ እኔን ስታይ ፊቷ በራ፣ በኔ በኩል ያለውንም ወንበር ልትቀመጥበት ሳበችው። እኔ ግን ተነሳሁ።

«ጋሽ ሽመልስ፣ ልጇ ነኝ። እዚህ መቀመጥ አልችልም» አልኩና ወጣሁ።

ወደ ኋላ አላየሁም፤ ባያት ኖሮ እግሬ አይታዘዘኝም ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሳልፈልግ ይሰማኛል። ስለ እንግዶቿ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ስለ ቁርሱ፣ ስለ ስፌቱ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ከዚያ በቃ አለች። በቃ አይደለም፤ ሰገነቱን አልጠቀሰችውም። ስለምታስተናግደው ሰው ለማንም ትንፍሽ እንደማትል አውቃለሁ፤ እንግዳ ምስጢሩን ይዞ ይግባ፣ ይዞ ይውጣ ባይ ናት። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ቃል ብጮህ ያልቃል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ያዝኩት። ትንሽ ቆየና አቶ ሽመልስ በቀስታ፣ የሰው ስም አልጠይቅሽም፣ በወር የተከራየ ክፍል አለ ወይ አሏት። ሶፍያም ስሙን ካልጠየቁኝ፣ አለ አለቻቸው። ነጠላዬን ተፋሁትና ግድግዳውን ተደግፌ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ስትወጣ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። አልሳቀችም። እኔ ስገባ ለምን ወጣሽ፣ አፈርሽብኝ እንዴ አለችኝ።

ልጇ ከሆንኩ የሷን ነገር መያዝ እንደማይፈቀድልኝ፣ ሕጉ ተናግረሽ ውጪ እንደሚል፣ ከቤቷም የቀረሁት ለዚህ እንደነበር አንድ በአንድ ነገርኳት። ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ብዬ መውጣቴን ጨመርኩላት። ሕጉን በደንብ እንድትረዳው ብዬ ስለ ሚዛን ማብራራት ጀምሬ ነበር፤ እሷ ግን አታዳምጠኝም። ሌላ ነገር ላይ ቆማለች።

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጇ ነኝ አልሽ?» አለችኝ።

«አልኩ።»

«አሁንም ለሰውዬው፣ እሳቸው ሳይጠይቁሽ?»

«ሳይጠይቁኝ።»

ደረጃው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች። የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደችው፤ እኔም ስለ ሚዛን የጀመርኩትን ተውኩት። ቆይታ ቆይታ፣ ያ በሰው ፊት የሚጸልይልሽ ልጅ ዓርብ መጥቶ ፈጢራ ይብላ አለችኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም፤ ጀጎል ነው። ጉዳይሽ ቢሮ ውስጥ እስካለ ድረስ እኔ ከቤትሽ መብላት ይከለከል ይሆናል፣ አይቼ እነግርሻለሁ አልኳት። እንግዲያው አንቺ ታያለሽ፣ እሱ ይበላል አለች።

ተነስታ ወረደች። ከታች አብዱልፈታ ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቃታል። ገና ሳትቀመጥ ወደ ላይ ወደኔ በጣቷ እያሳየችው፣ ያቺን ታያታለህ፣ ልጄ እኮ ናት ስትለው ሰማኋት። አብዱልፈታም አውቃለሁ አላት።